ለዕቁብ ዕዳ ሦስት ሌሊት ጣቢያ

«ጋሼ፣ ባለቤቴ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው። በየሳምንቱ 5,000 ብር የሚጣልበት የ40 ሰው ዕቁብ ነበረው። በ12ኛው ሳምንት ዕጣ ወጣለትና 200,000 ብር ወሰደ። እስከ 25ኛው ሳምንት ሳያቋርጥ ጣለ፤ ከዚያ ዕቃ የሚያቀርብለት ሰው ገንዘቡን በልቶበት ሥራው ቆመ። በ31ኛው ሳምንት የዕቁቡ ዳኛ ‹አታሎናል› ብሎ ለፖሊስ አመለከተ። ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ከሱቁ ወሰዱት። ቅዳሜ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ሁለት ፖሊሶች ቤታችን መጥተው ቁም ሳጥን ሳይቀር ፈተሹ፤ ምንም ወረቀት አላሳዩኝም። ስልኩን ጣቢያ አስከፍተው መልእክቶቹን አነበቡ፤ ስልኩ እስካሁን እነሱ ጋ ነው። እዚያው ጣቢያ ‹ቀሪውን 75,000 ብር በአንድ ወር ውስጥ እከፍላለሁ፤ ካልከፈልኩ ቤቴ ይሸጥ› የሚል ወረቀት አስፈረሙት። ፍርድ ቤት የቀረበው ሰኞ ከረፋዱ 5 ሰዓት ሲሆን በ10,000 ብር ዋስ ተለቀቀ። ቤቱ በሁለታችን ስም የተመዘገበ ኮንዶሚኒየም ነው። ወንድሜም በዕቁቡ ደብተር ላይ ዋስ ሆኖ ፈርሟል። ሰው ሁሉ ‹ሕገ መንግሥቱ ተጥሷል፤ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ክሰሱ› ይለኛል። ሰው ለዕዳ ይታሰራልን? ወዴትስ ልሂድ? ስሜ ይቆየኝ፣ ከኮልፌ።»

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ተናደድኩ፤ በሁለተኛው ሰዓት ቆጠርኩ። ንዴቱ የትም አያደርሰንም፤ ሰዓቱ ግን ያደርሰናልና ከእሱ ልጀምር።

ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት የተያዘ ሰው 48 ሰዓቱ የሚሞላው እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ባለቤትሽ ዳኛ ፊት የቆመው ሰኞ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። ሲደመር 67 ሰዓት ይሆናል፤ ከገደቡ 19 ሰዓት ያለፈ ማለት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንኡስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ሲል፣ ከዚህ ውጪ ያደረገው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚያስፈልገውን የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ከኮልፌ ተነሥቶ ችሎት ለመድረስ 19 ሰዓት የሚፈጅ መንገድ፣ የከተማችን የመኪና ሰልፍ ቢታከልበት እንኳ፣ እስካሁን አላጋጠመኝም። «ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም» የሚለው አባባል ከጣቢያ ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ጣቢያ ሲመላለስ የኖረ ወሬ ነው፤ በአንቀጹ ውስጥ የለም። ተረኛ ችሎት የሚባል ነገር የኖረውም መርማሪ የዕረፍት ቀንን ምክንያት እንዳያደርግ ነው።

ታዲያ ባለቤትሽ ሰኞ ዕለት ይህን ለዳኛው ተናግሮ ነበር? በደብዳቤሽ ስላልጠቀስሽው አልተናገረም ብዬ እገምታለሁ። አልፈርድበትም። ሦስት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ያደረ፣ ከዕቁብ ጓደኞቹ ፊት የተዋረደ ሰው ዳኛ «የምትለው አለ?» ሲለው «የለኝም፣ ክቡር ፍርድ ቤት» ብሎ ወደ ቤቱ መሄድን ይመርጣል። እኔ ራሴ ጥብቅና በጀመርኩበት ዓመት ከዚህ የባሰ ስሕተት ሠርቻለሁ። ደንበኛዬ ለአራት ቀን ታስሮ ሲቀርብ ተነሥቼ ስለ ሰው ልጅ ነጻነት ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ። ዳኛዋ በትዕግሥት አዳመጡኝና «ጠበቃ፣ የተያዘው በስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ደንበኛዬን ዘወር ብዬ ስጠይቀው ችሎቱ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ እስረኛ ሳገኝ ከስሙ ቀጥሎ የምጠይቀው ሰዓቱን ነው። «የተያዝኩት ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ በመዝገብ ይያዝልኝ» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ችሎት ውስጥ ከአንድ ገጽ ክርክር ትበልጣለች። ሕገ መንግሥቱን ብዙዎቻችን እንደ ክታብ አንገታችን ላይ አንጠልጥለነዋል፤ ተከፍቶ ካልተነበበና በመዝገብ ላይ ካልሰፈረ ከጣቢያ በር አያስወጣም።

አሁን ስለ «ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት»። በኢትዮጵያ እንዲህ የሚባል ፍርድ ቤት የለም። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የተሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጉዳዩን አስቀድሞ የሚመረምረው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ሲሆን 11 አባላት አሉት፤ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ናቸው። ነገር ግን ወደዚያ የሚኬደው በመደበኛው መንገድ ተሟግቶ የመጨረሻ ውሳኔ ካገኙ በኋላ፣ ያ ውሳኔ ወይም የተሠራበት ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ሲባል ነው። የአንቺ ጉዳይ ገና ከመንገዱ መነሻ ላይ ነው። ደግሞም ተራው ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን አይነካም ያለሽ ካለ ተሳስቷል። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632፣ አባት ልጄን ይሰጠኝ ብሎ ካሳደገችው አክስት ጋር በተሟገተበት ተራ የቤተሰብ ክርክር ላይ፣ ስለ ሕፃናት ጥቅም የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሶ ልጁ አክስቱ ዘንድ እንዲቆይ ወስኗል። ኮልፌ የሚያስችለው ዳኛም አንቀጽ 19ን የማክበርና የማስከበር ግዴታ አለበት፤ አንቀጽ 13 ይህን ግዴታ በየደረጃው ላሉ የመንግሥት አካላት በሙሉ ሰጥቷል።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ሰው ለዕዳ ይታሰራልን? አይታሰርም። የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ ማንም ሰው አይታሰርም የሚለው ደንብ በዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 11 ላይ ሰፍሯል። ኢትዮጵያ ይህን ቃል ኪዳን በ1985 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ደግሞ ያጸደቅናቸውን ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል አድርጓቸዋል። ፍርድ ቤት ክፈል ብሎ ከፈረደ በኋላ እያለው አልከፍልም የሚልን ሰው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በእስር የሚያስገድድበት መንገድ አለው፤ ያ ግን ከፍርድ በኋላ፣ በዳኛ ትእዛዝ የሚሆን ነው። ከፍርድ በፊት፣ በዕቁብ ዳኛ ጠያቂነት፣ በጣቢያ የሚደረግ ነገር አይደለም።

መርማሪው ግን ይህን ሳያውቅ አይቀርም። ስለዚህ ዕዳ ለብቻው ጣቢያ አይገባም፤ «ማታለል» የሚል ካባ ይደረብለታል። እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን፤ የባለቤትሽ ነገር የሚታሰረውም የሚፈታውም በዚህ ቃል ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ማታለል የሚሆነው ሰውየው የማይገባውን ጥቅም ለማግኘት ብሎ በሐሰት ነገር አሳስቶ፣ ወይም መግለጽ የነበረበትን ደብቆ ሌላውን ሰው ንብረቱን የሚጎዳ ነገር እንዲያደርግ ሲያደርገው ነው። ጥያቄው ብሩን ሲቀበል በልቡ ምን ነበር የሚለው ነው። ባለቤትሽ ዕጣው በ12ኛው ሳምንት ከወጣለት በኋላ 13 ሳምንት ሙሉ ጥሏል፤ ይህም 65,000 ብር ነው። ሊያታልል የተነሣ ሰው ዕጣውን ታቅፎ በ13ኛው ሳምንት ይጠፋል እንጂ ሦስት ወር ሲጥል አይቆይም። የዕቁቡ ደብተር ባለቤትሽን ለመክሰስ የቀረበ ወረቀት ቢሆንም ከእሱ የተሻለ የመከላከያ ማስረጃ አይገኝም። ቅጂው እጃችሁ ከሌለ ጸሐፊውን ጠይቁ፤ በየሳምንቱ የፈረመባቸውን ገጾች በስልክ ፎቶ አንሱ።

አነጻጽሪው። የዕቁብ ሰብሳቢ የ40 ሰው ገንዘብ ይዞ ቢጠፋ ነገሩ ሌላ ነው፤ በአደራ የተሰጠውን የሌላ ሰው ገንዘብ ለራሱ አድርጎታልና በአንቀጽ 675 እምነት በማጉደል ሊጠየቅ ይችላል። ባለቤትሽ የወሰደው ግን ራሱ ዕጣ የወጣለትን ነው፤ የቀረበት ቀሪውን የመጣል ግዴታ ነው። ይህ የውል ጉዳይ ነው፤ ቦታው የፍትሐ ብሔር ችሎት ነው። ወንጀል መፈጸሙ በሚያጠራጥርበት ጊዜ ደግሞ መርማሪው ራሱ በዋስ ሊለቀው እንደሚችል፣ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 28 ይናገራል። የባለቤትሽ የዓርብ ማታ በመታወቂያ ዋስ ሊያልቅ ይችል ነበር።

በዚህ ሁሉ ግን ባለቤትሽ ንጹሕ ነው እያልኩሽ አይደለም። ዕጣ ያልደረሳቸው ሰዎች ዛሬም ገንዘባቸው የሚገኘው እሱ ዘንድ ነው። ልጇን ልትድርበት፣ ቤት ልትሠራበት ተራዋን የምትጠብቅ ሴት እዚያ ውስጥ ትኖራለች፤ እሷ ለእኔ ብትጽፍልኝ የእሷንም ወገን እይዝ ነበር። በ26ኛው ሳምንት የዕቁቡ ዳኛ ዘንድ ሄዶ «ሥራዬ ወድቋል፣ በሁለት ሺህ በሁለት ሺህ ልጣል» ቢል ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። ስድስት ሳምንት ስልክ አለማንሣት ወንጀል አይደለም፤ ሰውን ወደ ጣቢያ የሚገፋው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ወደ ተፈረመው ወረቀት እንሂድ፤ እኔን ከሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ቁጥሩን ተመልከቺ። በ31ኛው ሳምንት ላይ ባለቤትሽ የዘገየበት የስድስት ሳምንት ነው፤ ይህም 30,000 ብር ነው። የቀረው 45,000 ብር ገና ጊዜው ያልደረሰ፣ በየሳምንቱ ሊጣል የሚገባው ነበር። ጣቢያ ውስጥ የተዘጋጀው ወረቀት ያልደረሰውን ዕዳ ከደረሰው ጋር ደምሮ በአንድ ወር ክፈል ይላል፤ ከዚያም አልፎ ቤት ጨምሮበታል። ዕቁባችሁ «ዕጣ የወሰደ ሰው ሁለት ሳምንት ካቋረጠ ሙሉውን ባንድ ጊዜ ይከፍላል» የሚል የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ ካለው ነገሩ ይለወጣል፤ ደንቡን አንብቡ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1706 ሰው በሕይወቱ፣ በአካሉ፣ በክብሩ ወይም በንብረቱ ላይ የቀረበና ከባድ ጉዳት ይደርስብኛል ብሎ ፈርቶ የገባውን ውል ሊያስፈርስ እንደሚችል ይናገራል። የዕቁቡ ዳኛ «እኛ እኮ እንከስሃለን አልን እንጂ ሌላ ምን አደረግን?» ይል ይሆናል። በመርሕ ደረጃ ልክ ነው፤ በመብቴ እጠቀማለሁ ማለት ብቻውን ማስገደድ አይባልም። ነገር ግን አንቀጽ 1708 ማስፈራሪያው ከልክ ያለፈ ጥቅም ለማግኘት ሲውል ማስገደድ እንደሚሆን ይገልጻል። 30,000 ብር የደረሰበትን ሰው በእስር ላይ እያለ የ75,000 ብርና የቤት ወረቀት ማስፈረም ከልክ ያለፈ ጥቅም ካልሆነ ምን እንደሚሆን አላውቅም። አንድ ቀን ግን እንዳትረሺ፤ እንዲህ ያለ ውል ይፍረስልኝ የሚል ክስ ማስገደዱ ከቀረበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይዘጋል። በወንጀሉ በኩል ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንኡስ አንቀጽ 5 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል፤ ስለዚህ ያ ወረቀት «አጥፍቻለሁ ብሏል» ተብሎ በክስ መዝገብ ውስጥ ከገባ ባለቤትሽ የተፈረመበትን ሰዓት፣ ክፍሉ ውስጥ ማን ማን እንደነበረ፣ ምን እንደተባለ ዛሬ ሳይዘነጋው ይጻፈው።

የቅዳሜ ምሽቱን ፍተሻ በአጭሩ ልመልስልሽ። ቤት የሚበረበረው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙም የሚፈለገውን ነገር ለይቶ መናገር አለበት፤ በትእዛዙ ላይ ተለይቶ ካልተፈቀደ በቀር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈጸማል። ያለ ትእዛዝ የሚገባው እግር በእግር ተከትለውት ቤት የገባ ተጠርጣሪ ሲኖር፣ ወይም ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል የተፈለገ ዕቃ እዚያ መደበቁ በበቂ ተጠርጥሮ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ይሸሻል ሲባል ነው። ዓርብ ተይዞ ቅዳሜ ማታ ለሚደረግ ፍተሻ ትእዛዝ ለማውጣት ጊዜ አልነበረም ማለት ያስቸግራል። ፖሊሶቹ የወሰዱት ነገር ካለ ዝርዝሩን ጻፊ፤ ምንም ካልወሰዱ ይህንንም ጻፊ። በር ላይ የነበረ ጎረቤት ካለ ስሙን ያዢ።

ስልኩን በተመለከተ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ደብዳቤንና ስልክን ብቻ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትንም አይደፈሬ ብሎታል። ፖሊስ ስልክን በኤግዚቢትነት መያዝ ይችል ይሆናል፤ ከፍቶ መልእክት ማንበብ ግን ኪስ እንደ መፈተሽ ያለ ነገር አይደለም፤ በእኔ አስተያየት የዳኛ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት አለው፤ የስልኩን የሚስጥር ቁጥርም ከዚያ ለይቼ አላየውም። ስልኩ ሲያዝ የተሰጠ ደረሰኝ ካለ ፈልጊው። ከሌለ ለዐቃቤ ሕጉ በጽሑፍ «ይመለስልን ወይም በኤግዚቢት መዝገብ መያዙ ይገለጽልን» በሉ።

አሁን ወደ ቤቱ። «በሁለታችን ስም ስለሆነ አይነኩትም» ብለሽ ተጽናንተሽ ከሆነ፣ እኅቴ፣ ማጽናኛሽን ልወስድብሽ ነው። ያ ወረቀት ቤቱን አይሸጠውም፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ለመያዣ ለመስጠትም የሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል ይላልና ያንቺ ፊርማ የሌለበት «ቤቴ ይሸጥ» ባንቺ ላይ አይጸናም። ይህን ለማስፈረስ ግን አንቀጽ 69 የሰጠሽ ጊዜ ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ብቻ ነው፤ በማናቸውም ሁኔታ ውሉ ከተደረገ ከሁለት ዓመት አያልፍም። አንቺ ደግሞ አውቀሽ ጽፈሽልኛል፤ ስለዚህ ቆጠራው ጀምሯል።

ከወረቀቱ ይልቅ መፍራት ያለብሽ የነገውን ፍርድ ነው። የዕቁቡ አባላት በፍትሐ ብሔር ከሰው ቢፈረድላቸው፣ በአንቀጽ 70 የአንድ ተጋቢ ዕዳ በመጀመሪያ ከግል ንብረቱ፣ የግል ንብረት ከሌለው ከጋራው ንብረት ይከፈላል። ዕዳው ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ከሆነ ደግሞ የሁለታችሁም የአንድነትና የነጠላ ዕዳ ይሆናል፤ ያንቺም የግል ንብረት ይጠየቅበታል። ስለዚህ ራስሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂ፤ ለእኔ መመለስ የለብሽም። ያ 200,000 ብር የት ገባ? ሁሉም ዕቃ ተገዝቶበት ሱቅ ውስጥ ቀልጦ ከሆነ አንድ ነገር ነው። የልጆች ትምህርት ቤት ተከፍሎበት፣ ቤቱ ታድሶበት፣ ሶፋው ተለውጦበት ከሆነ ግን «እኔ አላውቅም» የሚለው መከላከያ ችሎት ውስጥ ብዙ አይራመድም። ሱቁም ቢሆን ለቤታችሁ እንጀራ የሚያመጣ ነበርና ዳኛው ያንንም ሊጠይቅሽ ይችላል።

የወንድምሽ ነገር ከሁላችሁም ይሻላል። ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከዚህም በላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ ከፍተኛው መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም ይላል። ብዙ የዕቁብ ደብተሮች ላይ የማየው «ለአቶ እገሌ ዋስ ነኝ» የሚል መስመርና ፊርማ ብቻ ነው። የወንድምሽም እንዲህ ከሆነ በሕግ ነጻ ነው። ቁጥር ተጽፎ ከሆነ ግን እስከዚያ ቁጥር ድረስ ይጠየቃል። ይህን ስነግርሽ ትንሽ ይከብደኛል፤ ደብተሩ ላይ ሲፈርም ዳኛውም አባላቱም ያመኑት ሰውየውን እንጂ ቁጥሩን አልነበረም። ሕጉ ያወጣዋል፤ በሰፈሩ ያለውን የሚያውቀው ግን እሱ ነው። ለዕቁብ ዳኞችም በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልበል፤ ደብተራችሁ ላይ ከዋሱ ፊርማ ጎን የብር መጠን የሚጻፍበት አንድ ዓምድ አስምሩ፤ ሁለት ምስክርም ያስፈርሙበት። የአንድ እስክሪብቶ ሥራ ነው።

ወዴት ልሂድ ላልሽው፣ በመጀመሪያ ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሂጂ። ባለቤትሽ ሰኞ የቀረበበትን መዝገብ ቁጥር ይዘሽ የትእዛዙን ግልባጭ ጠይቂ። እዚያ ላይ ፖሊስ ምን ብሎ እንዳመለከተ፣ የተያዘበት ቀንና ሰዓት ምን ተብሎ እንደተመዘገበ ይታያል። ሰዓቱ ተዛብቶ ከተጻፈ ዝም አትበሉ። ቀጥሎ ጉዳዩን ለያዘው ዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የደብተሩን ገጾች አያይዛችሁ ነገሩ የውል ጉዳይ እንደሆነና መዝገቡ እንዲዘጋ ጠይቁ። ክስ የመመሥረትና ያለመመሥረት ውሳኔው የዐቃቤ ሕግ እንጂ የመርማሪው አይደለም፤ የዕቁቡ ዳኛም አይደለም።

ስለ 19ኙ ሰዓትና ስለ ፍተሻው የፖሊስን የበላይ ኃላፊ በጽሑፍ አቤት ማለት ይቻላል፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም እንዲህ ያለውን አቤቱታ ይቀበላል፣ ገንዘብም አያስከፍልም። ከሕግ ውጪ ሰውን ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 ይጠየቃል። ካሳ መጠየቅ ከፈለጋችሁ ከውል ውጪ ኃላፊነት የሚቀርብ ክስ በሁለት ዓመት ይዘጋል። ይህን ሁሉ አድርጉ ብዬ አልገፋሽም። አንዳንድ ሰው ስልኩ ተመልሶለት ከጣቢያው ጋር መተያየት ቢቀርለት ይበቃዋል፤ መብቱም የእሱ ነው፣ መተዉም የእሱ ነው። ምናልባት ሌላ ጊዜ አልፎበት እንዳይቆጨው ቀኑን ብቻ ይያዘው። ባለቤትሽ አሁንም ታስሮ ቢሆን ኖሮ ግን ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር፤ 48 ሰዓቱ እንዳለፈ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት አቅርቢ እልሽ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንኡስ አንቀጽ 4 ይህን መብት «ሊጣስ የማይችል» ብሎታል።

ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌላችሁ አንቺ በስምሽ የምትከራከሪበት ጉዳይ ላይ፣ በተለይ በቤቱ ነገር፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ላልቻለ ደግሞ በደሃ ደንብ መክሰስ የሚባል አለ፤ ስሙ ደስ አይልም፣ ሲጠየቅም የሚያፍር ብዙ ነው፤ የማያፍረው ግን ብዙ ሺህ ብር ይተርፈዋል።

ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ሽማግሌ ላኩ። ይህን የምለው ክሱ ስላስፈራኝ አይደለም፤ 30,000 ብሩ በማንኛውም መንገድ ቢኬድ የሚከፈል ስለሆነ ነው። የዕቁቡ ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን አይሂዱ፤ የተቻለውን ያህል፣ አሥር ሺህም ትሁን፣ ይዘው ይሂዱ። ቀሪው በየሳምንቱ ስንት እንደሚጣል፣ የጣቢያው ወረቀት እንደሚቀደድ፣ የወንጀል አቤቱታውን እንደማይገፉበት አንድ ገጽ ላይ ይጻፍ። የፍትሐ ብሔር ክስ ተጀምሮ ከሆነ ስምምነቱ ለፍርድ ቤት ቀርቦ ሲጸድቅ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። የከፈላችሁትን ሁሉ በባንክ ክፈሉ፤ በእጅ ከሰጣችሁ ሳታስፈርሙ አትውጡ። ዕቁብ በእምነት ነው የሚለውን አውቃለሁ። እምነቱ ግን ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አልቋል።

አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ አላቆምም፤ በደብዳቤሽ ውስጥ አልጠቀስሽውም። ባለቤትሽ ዕጣውን ሲወስድ ለዕቁቡ ቼክ ሰጥቶ ነበር? በብዙ የነጋዴ ዕቁቦች 200,000 ብር የሚያህል ገንዘብ ያለ ቼክ አይወጣም። ሰጥቶ ከሆነና ባንክ ቀርቦ «በቂ ስንቅ የለውም» ተብሎ ከተመለሰ እስካሁን የጻፍኩልሽ ግማሹ ይለወጣል። ያለ ስንቅ ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ «ለመያዣ ብቻ ነው የሰጠሁት» የሚለውም ብዙውን ጊዜ አያድንም። እሱን ዛሬ ማታ ጠይቂው። ቼክ ካለ ባንክ ያልቀረበ እንደሆነ ሽማግሌዎቹ ከብሩ በፊት ቼኩን ይጠይቁ። ቀርቦ ተመልሶ ከሆነ ግን ለእኔ አትጻፊ፤ ነገ ጠዋት ጠበቃ ፈልጉ።